የጠያቂዎች ገጽ፦ ጃንጥላ፣ ኮሶና የጄኔራሉ እግር

ባለፈው እትም በአንዲት አንቀጽ «ውጭ አገር ስትሄዱ ትልልቁን ሙዚየም ለሌላው ተዉለትና እጃችሁ የሚያውቀውን ነገር የሰበሰበ ትንሽ ሙዚየም ፈልጉ» ብዬ፣ ለምሳሌም ዴልሂ ያየሁትን የሽንት ቤት ሙዚየም ጠቅሼ አልፌ ነበር። አንቀጿ ይህን ያህል ደብዳቤ ትጠራለች ብዬ አልገመትኩም። አንዱ ይቆጣኛል፣ አንዱ ይመርቀኛል፣ የሚበዛው ግን «እሺ፣ እኔስ የት ልሂድ?» ይላል። ስድስቱን መርጫለሁ። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ሰባት ስምንት እየቀነሳችሁ አንብቡ።

«መምህር፣ ቡሬ ሱቅ አለኝ። ጃንጥላ፣ ቴርሞስ፣ የፕላስቲክ ዕቃ አመጣለሁ። በዓመት አንድ ጊዜ ቻይና፣ ዪዉ እሄዳለሁ። ባለፈው ዕቃዬ እስኪጫን ሦስት ቀን ሥራ ፈትቼ አስተርጓሚው ሙዚየም ወሰደኝ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሸክላ፣ ሸክላ፣ ሸክላ! እግሬ አበጠ። ዘንድሮም ትርፍ ቀን አይጠፋም። ምን ይመክሩኛል?»
ነጋዴው፣ ከቡሬ

ወንድሜ፣ ሸክላው ምንም አላጠፋ። ያንተ እጅ ግን ሸክላ አያውቅም። የሚያውቀው ጃንጥላ ነው። የላላውን ሽቦ ከጠንካራው ገና ሲከፈት በድምፁ የምትለይ ሰው፣ ምን ቆርጦህ ነው የሸክላ ዘመን ስትቆጥር የምትውለው? የጃንጥላ ሙዚየም ሂድ። አትሳቅ፣ አለ።

ከዪዉ በፈጣን ባቡር ሰዓት ሳይሞላ ሀንግዡ ትገባለህ። እዚያ በታላቁ ቦይ ዳር፣ ጎንግቼን የሚባል የድንጋይ ድልድይ አጠገብ፣ የጃንጥላ፣ የማራገቢያ፣ እንዲሁም የቢላዋ፣ የመቀስና የሰይፍ ሙዚየሞች ተጎራብተው ታገኛለህ። መግቢያ አይከፈልባቸውም። የድሮው ጃንጥላ ናይሎንም ሽቦም አልነበረውም። አጥንቱ ቀርከሃ፣ ልብሱ ወረቀት ነበር። ወረቀቱን ከቱንግ ዛፍ ፍሬ በተጨመቀ ዘይት ይቀቡታል፣ ከዚያ በኋላ ዝናብ ቢወርድበት አያሳልፍም። የሀንግዡ ሰዎች የሚኮሩበት ደግሞ ሌላ ነው፦ አንዱን ቀርከሃ ሰንጥቀው፣ ስንጣሪዎቹን በነበሩበት ተራ መልሰው ስለሚገጥሟቸው፣ ጃንጥላው ሲዘጋ ያው አንድ ቀርከሃ መስሎ ቁጭ ይላል። አንተ በደርዘን የምትገዛው ዕቃ የልጅ ልጅ መሆኑን ያን ጊዜ ታያለህ።

መቀሱንም እለፍበት። በከተማዋ ስሙ የገነነው የዣንግ ሺያውጯን መቀስ ሥራ የሚቆጠረው ከ1663 ነው፤ እኛ ጋ ዐፄ ፋሲል ገና ጎንደር ላይ ነግሠው ሳለ መሆኑ ነው። እኔ ሀንግዡን በዓይኔ አላየሁም፣ እንዳንተው የሚመላለስ የእኅቴ ልጅ ነው የመራኝ። እሱ ያስጠነቀቀውን ላስጠንቅቅህ፦ ሰኞ አትሂድ፣ ዝግ ይሆንብሃል። ፓስፖርትህንም ሆቴል ጥለኸው አትውጣ።

«መምህር፣ ደብረ ማርቆስ ጂኦግራፊ አስተምረውኛል፣ አከብርዎታለሁ። ባለፈው የጻፉት ግን አሳፈረኝ። ሰው ስንት ብር ከፍሎ፣ በአውሮፕላን ተሳፍሮ፣ ሽንት ቤት ሊያይ ይሄዳል? ያውም ልጆች በሚያነቡት መጽሔት!»
የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ፣ ከባሕር ዳር

ልጄ፣ ቁጣህን ተቀብያለሁ። ብቻ እኔም ሽንት ቤት ልይ ብዬ አይደለም ዴልሂ የሄድኩት። ታላቅ ወንድሜን ለኩላሊት ሕክምና አጅቤ ነው። የምርመራው ውጤት እስኪደርስ ሁለት ቀን ጠብቁ ተባልን። ወንድሜ ተኝቶ ጣራ ጣራ ሲያይ፣ እኔ ከእንግዳ ማረፊያው መደርደሪያ ላይ አንዲት የቱሪስት ወረቀት አነሳሁ። «የሱላብ የመጸዳጃ ቤት ሙዚየም» ትላለች። ለወንድሜ ባነብለት ከታመመ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «በል ሂድና ንገረኝ» አለኝ።

ባለ ሦስት እግሩን ባጃጅ ያዝኩና «ሱላብ፣ ሱላብ፣ ቶይሌት!» አልኩት። ሰውየው በደንብ ገባው። እየበረረ ወስዶ አንድ የሕዝብ ሽንት ቤት በር ላይ አወረደኝ። በሩ ላይ ሱላብ የሚል ጽሑፍ አለ፣ ውሸት የለበትም፤ ድርጅቱ በህንድ ከተሞች እያስከፈለ የሚያስጠቅም ሽንት ቤት እንዳለው የሰማሁት በኋላ ነው። ሽንት ቤት አልኩት፣ ሽንት ቤት አደረሰኝ። እንደ ደረስኩም አልቀረሁ፣ ተጠቀምኩና ሌላ ባጃጅ ያዝኩ።

ሙዚየሙ አንድ ረዘም ያለ አዳራሽ ነው። የተከፈተው በ1992 ነው። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ የተቀመጠበት ዙፋን አምሳያ እዚያ አለ፤ ዙፋኑ ከሥሩ ቀዳዳ አለው፣ ንጉሡ ሹማምንቱን እያነጋገረ ይጠቀምበት ነበር ይባላል። የመጻሕፍት ክምር መስሎ የተሠራም አለ፤ እንግዳ ሲያየው ባለቤቱን ሊቅ ነው የሚለው። እስቅ እስቅና አንድ የሲሚንቶ ጉድጓድ አምሳያ ጋ ስደርስ ሳቄ ቆመ።

መሥራቹ ቢንዴሽዋር ፓታክ የብራህሚን፣ ማለት በህንድ ከሁሉ በላይ የሚባለው ወገን፣ ልጅ ነበር። በሕፃንነቱ «የማትነካ» የምትባል ሴት ቢነካ አያቱ ይነጻ ዘንድ የላም እበትና ሽንት ከጋንጅስ ውኃ ጋር አስውጣዋለች። የዚያች ሴት ወገኖች ሥራ የሰው ዓይነ ምድር በእጅ ዝቆ በቅርጫት መሸከም ነበር። አድጎ ያንን ሥራ የሚያስቀር ሽንት ቤት ይዞ ተነሳ፤ ሱላብን በ1970 አቋቋመ፣ ሕይወቱ ያለፈው በነሐሴ 2023 ነው። ብልሃቱ ቀላል ነው፦ ጉድጓዱ ሁለት ነው። አንዱ ሲሞላ መንገዱን ወደ ሁለተኛው ታዞረዋለህ። የመጀመሪያው ተዘግቶ ሲከርም ሽታ የሌለው አፈር ይሆናል፣ አውጥተህ ማሳህ ላይ ትበትነዋለህ። ከዚያ በኋላ ዝቆ የሚሸከም ሰው አያስፈልግም።

አሁን እኔን ማቻክል፣ እናቴ ጓሮ አስበኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ልጆች መጥተው «ቆፍሩ» ሲሉን ቆፈርን። ሞላ። ደፈንነው፣ ሌላ ቆፈርን። ያም ሞላ። ጓሮው ሲያልቅ ጎረቤታችን ወደ ቀድሞው ተመልሶ «ወገቤን ልሞክር» እያለ ወደ ባሕር ዛፉ መሄድ ጀመረ። የሁለቱን ጉድጓድ ነገር ያን ጊዜ አውቄው ቢሆን! ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን አብሮን ማዕድ እንዳይቀርብ ያደረግን ሰዎች መሆናችንንም እዚያው ቆሜ አሰብኩ። እንግዲህ ነውሩ የትኛው ላይ እንደሆነ አንተው ለልጆችህ ንገራቸው።

ለወንድሜ ሁሉንም ነገርኩት። የወደደው ዙፋኑን ነው።

«ልጄ ወልዳ አራስ ልጠይቅ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ መጥቼ ስድስት ወር ሆነኝ። ሁለቱም ሥራ ሲውሉ እኔ ሕፃኑንና ቴሌቪዥኑን ስጠብቅ እውላለሁ። ‹እማዬ፣ ዋሽንግተን ሙዚየም ልውሰድሽ› ትለኛለች። ያን ሁሉ ሕዝብ፣ ያን ሁሉ ደረጃ በዚህ ጉልበቴ? ቅርብና ቶሎ የሚያልቅ ነገር ካለ ንገረኝ።»
የደብረ ማርቆሷ እናት

እትዬ፣ እንኳን ማርያም ማረቻት። አለ፣ ያውም እዚያው ከተማዎ ውስጥ። ብሔራዊ የጤናና የሕክምና ሙዚየም ይባላል። ከመሃል ሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው፣ በነጻ ይገባል፣ ከአንድ ሰዓት አይፈጅም። ልጅዎ ሰዓቱን አስቀድማ ስልኳ ላይ ትይልዎ።

ነገሩ የተጀመረው በ1862፣ አሜሪካኖች እርስ በርስ ሲተላለቁ ነው። የጦር ሐኪሞች ከቁስለኛ ያወጡትን ጥይት፣ የቆረጡትን አጥንት ለትምህርት እንዲሆን ወደ ዋሽንግተን ይልኩ ነበር። ፕሬዚዳንት ሊንከንን የገደለችው ጥይት እዚያ አለች። ሽንብራ ታህላለች። ያን የሚያህል ሰው በዚህች!

እኔን ያቆመኝ ግን እግር ነው። ዳንኤል ሲክልስ የሚባል ጄኔራል ሐምሌ 1863 ጌቲስበርግ ላይ የመድፍ ጥይት ቀኝ እግሩን መታው። እግሩ ተቆረጠ። ሰውየው የተቆረጠውን ትንሽ የሬሳ ሣጥን በመሰለ የሳንቃ ሣጥን አስቀምጦ፣ «ከሜጀር ጄኔራል ዲ.ኢ.ኤስ. ሰላምታ ጋር» የሚል ካርድ ጨምሮ ለሙዚየሙ ላከው። እዚህ ላይ አላበቃም። የተቆረጠበት ቀን በመጣ ቁጥር እየሄደ እግሩን ይጠይቅ ነበር። እኛ ለሙት ዓመት ጠላ እንደምንጠምቀው እሱ ለእግሩ ሙት ዓመት ባርኔጣውን አድርጎ ይሄዳል። ከእግሩ በኋላ ከ50 ዓመት በላይ ኖሮ በ1914 ሞተ።

አጥንቱ ቡናማ ሆኗል፣ ከመሃሉ ተሰባብሯል፣ መስተዋት ውስጥ ቆሟል። ሳየው የእናቴ ወንድም ትዝ አለኝ። በጣሊያን ጊዜ አርበኛ ነበር፣ ሁለት ጣቱን እዚያው ቾቄ ሥር ቀብሯል። ጠላ ሲቀዳለት በሦስት ጣቱ ዋንጫውን ይዞ «ሁለቱ ቀድመውኝ ገብተዋል፣ ቦታ ይዘውልኛል» ይለን ነበር። እርስዎም እንዲህ ያለ ዘመድ አያጡም፤ ሲያዩት የሚያስታውሱት ያንን ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ በጠርሙስ የተቀመጠ የሰው አካል አለበት። አራሷ ልጅዎ ውጭ መኪና ውስጥ ትጠብቅዎ።

«ፍኖተ ሰላም ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ለሦስት ወር ሥልጠና ቶኪዮ ልሄድ ነው። ሁሉም ‹ፎቁን ውጣ፣ ባቡሩን ተሳፈር› ይለኛል። እርስዎስ?»
የላብራቶሪ ባለሙያው

ያንተማ የተዘጋጀልህ ነው። ሜጉሮ የጥገኛ ተሕዋስያን ሙዚየም ሂድ። ሳቶሩ ካሜጋይ የሚባል ሐኪም በግል ገንዘቡ በ1953 ያቋቋመው ነው፣ ዛሬም መግቢያ አያስከፍልም፤ ደስ ካለህ ሣጥኑ ውስጥ ትጥላለህ። አንተ ቀኑን ሙሉ በማይክሮስኮፕ አጎንብሰህ እንቁላሉን የምትቆጥረው ፍጥረት ሁሉ እዚያ በጠርሙስ ተሰልፎ ይጠብቅሃል። የቶኪዮ ወጣቶች ለፍቅር ቀጠሮ ይመርጡታል ይባላል። እንግዲህ የሰው ምርጫ ነው።

የሙዚየሙ ንግሥት 8.8 ሜትር የሆነች ኮሶ ናት። ትራውት የሚባል ዓሣ ከበላ ሰው ሆድ የወጣች ናት፤ የእኛይቱ ከጥሬ ሥጋ ነው የምትመጣው፣ ዘመዳሞች ናቸው። አጠገቧ ልክ እንደ ርዝመቷ የሆነ ነጭ ጥብጣብ ተንጠልጥሏል፣ ጎብኚው እየዘረጋ ይለካበታል። እዚያ የሚማር የድሮ ተማሪዬ በስልክ እያሳየኝ ጥብጣቡን ሲዘረጋ፣ ሲዘረጋ፣ ከስልኩ መስኮት ወጣ።

እኔ ደግሞ ወዲያው ኮሶው ሸተተኝ። አንተ የእንክብል ዘመን ልጅ ነህ፣ አታውቀውም። እናቴ ቀዩን የኮሶ አበባ አድርቃ ትወቅጠዋለች፣ ማታ ትዘፈዝፈዋለች፣ ሌሊቱን ያድራል። ገና ወፍ ሳይንጫጫ ታስነሳኛለች። ዋንጫው እስከ አፉ ሙሉ ነው፣ ላዩ ላይ ቀይ ገለባ ይንሳፈፋል። አባቴ አፍንጫዬን ይይዛል፣ እሷ ታንቆረቁራለች። መራራነቱ ምላስ ላይ አይቀርም፤ ጆሮ ድረስ ይወጣል። ከዚያ ምግብ የለም፣ እንግዳ የለም። ማንም ሊጠይቅ ቢመጣ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ከደጅ ይመለሳል። ባለ ዕዳም በዚህ ያመልጥ ነበር። ወደ እኩለ ቀን ሲሆን ዋናው ጥያቄ ይመጣል፦ «ራሷ ወጣች?» እናቴ በእንጨት እያገላበጠች ትፈልጋለች። ራሷ ካልወጣች ድካማችን ከንቱ ነው፣ እንደገና ታድጋለች። ያ ራስ የመርፌ አናት የሚያህል ነገር ነው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፣ ይህንን ግን ከማንም መጽሐፍ በፊት ታውቀው ነበር። በ1770 ግሽ ዓባይ ድረስ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም ስለዚሁ ኮሶ ጽፎ፣ ዛፉን በወዳጁ በጆሴፍ ባንክስ ስም ሰይሞት ነበር፤ ስሙ አልጸናም እንጂ።

ሰኞና ማክሰኞ ዝግ ነው። ስትመለስ ደግሞ ለላብራቶሪ ጓደኞችህ 8.8 ሜትር ሲባጎ ቆርጠህ ኮሪደሩ ላይ ዘርጋላቸው። ቁርጥ ቤት የሚሄደው ሰው ቁጥር ለአንድ ሳምንት ይቀንስ ይሆናል።

«ጋሼ፣ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው። በሳምንት አንድ ቀን አርፋለሁ፣ እሱም በስልክና በእንቅልፍ ያልቃል። ብሬን ለእናቴ ነው የምልከው፣ ብዙ የሚያስወጣ እንዳይሆን።»
የሞጣ ልጅ

ልጄ፣ ዴይራ በኩል ሆነሽ አብራ የሚሏትን የእንጨት ጀልባ ያዢ፣ አንድ ድርሃም ነው። ወደ ቡር ዱባይ ታሻግርሻለች። ከዚያ በእግርሽ አል ፋሂዲ ወደሚባለው አሮጌ ሰፈር ግቢ፤ ነፋስ የሚጠልፉ ግንቦች ያሏቸው ቤቶች ናቸው። እዚያ ውስጥ የቡና ሙዚየም አለ። አሮጌ መፍጫ፣ የዓረብ ደላ፣ የቱርክ ጀዝቬ፣ ከዚያ መሃል ደግሞ የእኛው ጀበና። እኔ ወደ አሜሪካ ሳልፍ የአንድ ቀን ቆይታ ነበረኝና ገብቼ አይቻለሁ። አንድ ፈረንጅ ረከቦቱን እያየ ሚስቱን «ይኼ መጫወቻ ነው?» ሲላት ሰማሁና ልቤ አልቻለም፣ ያለችኝን እንግሊዝኛ ሰብስቤ አስረዳሁት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ስለ ዘጌ ቡናም ነገርኩት፤ አባቶቻችን አቡነ በትረ ማርያም ባርከው የሰጡን ነው እንደሚሉ፣ ምድሩም በሬ እንደማይታረስበት። ብቻሽን አትሂጂ፣ ጓደኛ ይዘሽ ሂጂ። ማስረዳቱ ላንቺ አይከብድሽም፣ እዚያ ቤት ውስጥ ካንቺ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

«አያቴ ዐረፈች። ቤቷ ውስጥ እንቅብ፣ ሰፌድ፣ ጋን፣ እንዝርት፣ የቀንድ ዋንጫ፣ ቅል፣ ጭልፋ ሞልቷል። አጎቶቼ ‹ጣለው› ይላሉ። እኔ በአንዷ ክፍል ትንሽ ሙዚየም ላድርገው ብዬ ነው። ይስቁብኛል። ይሆናል?»
የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከብቸና

ይሆናል እንጂ! ይሳቁ። ክሮኤሺያ፣ ዛግሬብ ውስጥ ፍቅራቸው የፈረሰ ሰዎች ዕቃ ሙዚየም አለ። የጀመሩት ሁለት ሰዎች ራሳቸው ተዋደው የተለያዩ ነበሩ፤ «ይኼ ዕቃ ለማን ይድረስ?» ከሚል ክርክር ነው የተነሳው። በ2006 ዕቃውን ይዘው እየዞሩ ማሳየት ጀመሩ፣ በ2010 ቋሚ ቤት ተከፈተለት። እዚያ ካለው ውስጥ አንዱ ተራ መጥረቢያ ነው፣ ገበያ ወጥተህ የምትገዛው ዓይነት። አጠገቡ ያለውን ወረቀት ስታነብ ግን የበርሊን መጥረቢያ ነው፣ ጥላ የሄደች ፍቅረኛ የተወችው የቤት ዕቃ በየቀኑ አንድ አንዱ ተፈልጦበታል። ወረቀቱን አንሳው፣ መጥረቢያ ብቻ ይቀራል።

ስለዚህ ዕቃውን ከመደርደርህ በፊት ወረቀቱን ጻፍ። የአያትህ እኩዮች ገና በሕይወት ሳሉ ዛሬ ነገ ሳትል ሂድ። ጋኑን ማን ሠራው? ከየትኛው ገበያ፣ በስንት ተገዛ? በማን ሠርግ ተጠመቀበት? ማን ሰነጠቀው፣ በምን ተለሰነ? ሸክላ ሠሪዋን ስሟን ጻፍ፣ «አንዲት ሴት» ብለህ አትለፋት። በአንድ ዕቃ አንድ ወረቀት። የብራና መጽሐፍ ወይም ያረጀ መስቀል ካገኘህ ግን አንተ ጋ አይደር፣ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም አሳውቅና አስመዝግብ።

እናትህ ደግሞ ሰው ሊያየው ነው ብላ ሁሉንም በሳሙና ልትፈትገው ትነሳለች፣ አውቃቸዋለሁ እናቶችን። ጋኑን ትጠበው። ጭልፋውን ቀማት። እጀታው ላይ ያለው ጥላሸት የአያትህ እጅ የሚይዝበት ቦታ ላይ ሳስቷል፤ እሱን አሳይ።